ከግራሶው ስር

ፊርደውስ በጀርባዋ ተኝታ ከሚኒባሱ ስር ገብታለች። በአንድ እጇ የእናቷን ስልክ መብራት ይዛ፣ በሌላው እጇ አውራ ጣት ጥቁሩን ግራሶ ገፈፍ አደረገችው። ቀጭኑ የፍሬን ቱቦ ብቅ አለ። ባለፈው ሳምንት ቡናማ ብቻ ነበር። ዛሬ ጥፍሯ ገና ሲነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ ጉንጯ ላይ ወደቀ።

ቅርፊቱን ከጉንጯ ላይ ጠረገችው።

«ፊርዱ!» አባቷ ኑርሁሴን ከግቢው በር ተጣራ። «የት ገባሽ? ሰዎቹ እየመጡ ነው እኮ!»

«መጣሁ አባዬ! የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነው!»

የጫማ ክር! ያደረገችው ሸበጥ ነው። ሰው ሲፈራ ውሸቱን እንኳን አሳምሮ አይዋሽም። የገፈፈችውን ግራሶ መልሳ ቱቦው ላይ ለጠፈችና እየተጎተተች ወጣች። በግራሶ የጠቆረ እጇን ከቀሚሷ ጀርባ ደበቀችው።

ዕለቱ መውሊድ ነው። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሽማግሌዎች ኮምቦልቻ በሚገኝ ወዳጃቸው ቤት ለመውሊድ ተጠርተዋል፤ የሚያደርሳቸውም ኑርሁሴን ነው፤ ያለ አንድ ሳንቲም። አምና ሚስቱ ሸሪፋ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ ነዝር ገብቶ ነበር፤ «ሸሪፋ በእግሯ ተራምዳ ቤቷ ከገባች፣ በየዓመቱ መውሊድ የሰፈሬን ሽማግሌዎች አድርሼ እመልሳለሁ» ብሎ ለአላህ ቃል ሰጠ። ሸሪፋም በእግሯ ተራምዳ ገባች። ዛሬ እሷም አዲስ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። የስድስት ዓመቱ የፊርደውስ ወንድም ሁዘይፋ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ጋቢና ገብቶ፣ መስታወቱን አውርዶ፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ እንደ ረዳት ይጮኻል።

ሁዘይፋ የተቀመጠበት ወንበር ስር ባትሪው አለ። ከባትሪው ስር ቱቦው አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪና የሚሄደው በነዳጅ ሳይሆን በፍሬን ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። የባትሪው ሥራ የፊርደውስ ነው። አባቷ የጋቢናውን ወንበር ያነሳላትና ይተዋታል፤ እሷ ጫፎቹ ላይ የሚያብበውን ነጭ ዱቄት በብሩሽ ትጠርጋለች፣ ውሃው ከጎደለ ትጨምራለች፣ በመጨረሻም ዝገት እንዳይይዛቸው ግራሶ ትቀባቸዋለች። መነኸሪያ ያሉት ሾፌሮች መጀመሪያ ስቀው ነበር። «ኑሬ፣ ምነው? ሴት ልጅና ባትሪ ምን አገናኛቸው?» ሲሉት፣ «የእናንተ መኪና ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም፤ የእኔ ቁልፉን ሳሳየው ይነሳል» ይላቸዋል። መኪናውን እዚያው ግቢ የሚያሳድረው ጎረቤታቸው ሚስባህማ የራሱንም ባትሪ ለእሷ ሰጥቷል። «እጇ በረካ አለው» እያለ በየደረሰበት ያወራል፤ ሚስባህ የሰማውን ደግሞ ደሴ በሙሉ ይሰማዋል።

መደርደሪያው ላይ ሁለት ሃይላንድ ነበር፤ አንዱ የባትሪ ውሃ፣ አንዱ አሲድ። ሁለቱም የጠሩ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ለመለያ ኑርሁሴን የአሲዱ አንገት ላይ ቀይ ክር አስሮበታል። ያን ዕለት ቀይ ክር አልነበረም። ኋላ እንደታየው ሁዘይፋ ፈትቶ እሽክርክሪቱን ጠምጥሞበታል። ፊርደውስ ደግሞ ቸኩላ ነበር፤ የክፍል ጓደኛዋ ወንጌላዊት ስለ ሰኞው ፈተና ለመነጋገር ደጋግማ ትደውላለች። ክር ስላላየችበት ውሃ ነው ብላ አንዱን አነሳች።

መጀመሪያ የሚስባህን ባትሪ ሁለት ቀዳዳ ትንሽ ትንሽ ጨመረችለት። ቀጥላ ወደ አባቷ መኪና ሄደች። እየቀዳች ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ዞር ስትል እጇ አዘነበለ፣ ቀዳዳው ሞልቶ ተረፈና በባትሪው ጎን ቁልቁል ወረደ። በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ወዲያው ጣቶቿን እንደ ሚጥሚጣ ለበለባት። ቧንቧው ስር ሮጣ ለረጅም ጊዜ ታጠበች። ከሰዓት በኋላ ሻሿን ብታየው ጫፉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ያኔ የጨመረችው ምን እንደሆነ ገባት።

አባቷ ማታ ሲመጣ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። እሱ ግን ገና ሲገባ «ዛሬ መነኸሪያ ላይ አንዱ ምን አለኝ መሰለሽ? ልጄንም እንደ ፊርደውስ ባስተማርኳት!» ብሎ ሳቀ። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ኧረ አታካብጂ!» አለቻት ወንጌላዊት ሰኞ ትምህርት ቤት። «መኪናው ይሄዳል አይደል? አለቀ! ዱቄት ካወጣ ግራሶ ለጥፊበት፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

ዝም አይነቅዝም። ብረቱ ግን ነቀዘ። በሁለተኛው ሳምንት የባትሪው መቀመጫ ቆርቆሮ አብጦ ተላላጠ፣ ከስሩ የሚያልፈው ቱቦም ቡናማ ሆነ። ግራሶ የሚቀባው ንጹሕ ብረት እንዳይዝግ ነው፤ እሷ ግን የዛገውን ብረት ሰው እንዳያየው ቀባችው። የሚስባህን ባትሪ አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ ደረቅ ነበር፣ ምንም አልፈሰሰም። ትንሽ ስለሆነ ምንም አይለውም ብላ ተወችው።

«አባዬ» አለች አሁን፣ ኑርሁሴን ጣሪያ ላይ ጭነት ሲያስር ስሩ ቆማ፤ «ጋሽ ጸጋው ከጋራዡ መጥቶ ፍሬኑን ቢያየውስ? ቁልቁለት ስለሆነ ማለቴ ነው።»

«አይቶታል እኮ! ከወር በፊት።»

«ዛሬ ቢያየው…»

«ዛሬ መውሊድ ነው ልጄ፣ ሰዓት ሄዷል። ይልቅ ሼህ ሀፊዝን ደግፈሽ አምጪያቸው።»

ከወር በፊት! ከወር በፊት ቱቦው ደህና ነበር። ፊርደውስ ጎማውን ባስተነፍሰውስ ብላ ኋላ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ግን መለዋወጫ ጎማ አላቸው፤ አባቷ በአስር ደቂቃ ይቀይረዋል፣ ቱቦውም ያው ቱቦ ነው። አሞኛል ብላ ብትቀርስ? እሷ ትቀራለች፣ እነሱ ግን ይሄዳሉ። እናቷ ትሄዳለች። ሁዘይፋ ትሄዳለህ ተብሎ ሌሊቱን አልተኛም። መንገር ነበረባት፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከተናገረች ነዝሩ ይስተጓጎላል፣ አባቷም በሰው ፊት ይዋረዳል፤ «ድሮም ሴት ልጅ» ያሉት ሁሉ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው።

ሼህ ሀፊዝን ደግፋ አመጣቻቸው። ቁርአን ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አሁንም ከአሥራ አምስት ተማሪ መሐል አንዱ ፊደል ሲዘል ይለያል።

«እጅሽ ቀዝቅዟል፣ ፊርደውስ» አሏት።

«ብርዱ ነው ሼህዬ።»

«እንዲያ ነው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከመሳፈራቸው በፊት መኪናውን ከበው ቆሙ። ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ኑርሁሴንም ከጣሪያው ወርዶ ዘረጋ፤ ሁዘይፋም በመስኮቱ ትንንሽ እጆቹን አወጣ። ሼህ ሀፊዝ ጀመሩ፦

«ያ ረቢ፣ መንገዳችንን አቅናልን!»

«አሚን!»

«ከናዳው ከገደሉ ሰውረን!»

«አሚን!»

«ለሸሪፋ የሰጠኸውን ጤና አዝልቅላት!»

«አሚን!» አለች ፊርደውስም፣ ከልቧ።

«የኑርሁሴንን ክንድ አበርታው፣ ፍሬኑን ጠብቅለት!»

«አሚን!» አለ ግቢው በሙሉ።

ፊርደውስ አፏ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እሷ በአሲድ ያስበላችውን ብረት አላህ ይጠብቅ ብላ እንዴት አሚን ትላለች? እያወቀች? የመኪናውን በር ጨብጣ ያዘች።

ሼህ ሀፊዝ ቀጣዩን ዱአ አልጀመሩም። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«አንድ አሚን ጎደለ» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ከግራዬ የነበረ የልጅ ድምፅ ነው። እስካሁን ነበረ፣ ፍሬን ስል ጠፋ። ፊርደውስ፣ አንቺ ነሽ?»

«ሼህዬ፣ ልጅ ናት፣ አልሰማች ይሆናል» አለ ኑርሁሴን። «ቢመሽብንስ?»

«ቆይ ኑርሁሴን፣ አይመሽም። ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

አሥራ አራት ሰው ወደ እሷ ዞረ። ፊርደውስ ማንንም አላየችም፤ ያየችው በመስኮቱ የወጡትን የሁዘይፋን እጆች ብቻ ነው። «ገና ነው እንዴ?» በሚል ዓይን ያያታል።

«አትሂዱ» አለች። «ፍሬኑ… የፍሬኑ ቱቦ ተበልቷል። አሲድ አፍስሼበት ነው። በውሃ ፋንታ አሲድ ጨምሬ። ከዚያ በግራሶ ሸፈንኩት።»

«ምን?» አለ ኑርሁሴን። ቀልድ መስሎት ግማሽ ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። የበዓል ልብሱን እንደለበሰ መሬት ላይ ተኝቶ ከመኪናው ስር ገባ። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም።

ሲወጣ ጣቶቹ ላይ ጥቁር ግራሶና ቡናማ ዝገት ተደባልቋል። «ጸጋውን ጥሩልኝ» አለ፣ ለማንም ለይቶ ሳይናገር።

ከኋላ አንድ ሰው «ድሮም ሴት ልጅ…» ሲል ሰማች። የፈራችው ደረሰ። ጉድ ነው፣ ሲደርስ ግን ከሐረጎ ያነሰ ሆነባት።

መካኒኩ ጸጋው ጋራዡ ሁለት ቤት አልፎ ስለሆነ ሻዩን እንኳን ሳይጨርስ መጣ። «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሁሉንም ጨበጠና ከመኪናው ስር ገብቶ ቱቦውን በጨርቅ ወለወለው። «ኑሬ» አለ ከዚያው፤ «ልጁን አውርደውና ፍሬኑን ርገጠው። ሐረጎ ላይ እንደምትረግጠው፣ በሙሉ ጉልበትህ።» ራሱም ራቅ ብሎ ቆመ።

ኑርሁሴን አንዴ ረገጠ። ያዘ። ሁለተኛ ረገጠ። ያዘ። ፊርደውስ ምነው ዝም ብሎ በያዘ፣ ምነው ውሸታም በሆንኩ ብላ ተመኘች። በሦስተኛው ከስር «ጧ!» አለና የፍሬኑ ዘይት አፈሩን እየመታ ተረጨ። የኑርሁሴን እግር ፍሬኑን ይዞ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

«የሰማሁት ምንድን ነው?» አሉ ሼህ ሀፊዝ።

ሸሪፋ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ኑርሁሴን ወርዶ ሁዘይፋን አነሳና ደረቱ ላይ ለጠፈው። «አባዬ፣ ጨመቅኸኝ!» ቢለውም አልለቀቀውም። ፊርደውስን አላያትም። ቢጮህባት በወደደች።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሼህ ሀፊዝ፣ ነገሩ ገብቷቸው። «እንቀመጣለን። ኮምቦልቻ የትም አትሄድም።»

ጸጋው አዲስ ቱቦ ከፒያሳ አስመጣ። ከመግጠሙ በፊት ግን ወደ ፊርደውስ ዞረ። «የፈሰሰው አሲድ ሳይጸዳ አዲስ ቱቦ ብገጥም እሱንም ይበላዋል። አመድ አለ?»

«አመድ?»

«የማገዶ አመድ። በኬሚስትሪ አልተማራችሁም እንዴ? አሲድን የሚገድለው ምንድን ነው?»

«ቤዝ» አለች በቀስታ።

«በይ እንግዲያው፣ ሂጂ አምጪ። ያበላሸ እጅ ያጽዳ።» ወፍራም ጓንቱንና መነጽሩን ሰጣት።

አመዱን በውሃ በጥብጣ በጨርቅ አጠለለችው። ጸጋው ባትሪውን ፈትቶ አወረደ፤ መጀመሪያ የነጌቲቩን ገመድ፣ ከዚያ የፖዘቲቩን። የአመዱን ውሃ የተላላጠው ቆርቆሮ ላይ ስታፈስበት ቆርቆሮው ተንሸከሸከና ነጭ አረፋ አወጣ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«አትፍሪ፣ አሲዱ እየሞተ ነው» አላት። «አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ደጋግሚው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ እጠቢው። ሲደርቅ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቢ። ግራሶ የመጨረሻው ነው እሺ? የመጀመሪያው አይደለም።»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሠራች፤ ታጠበች፣ ፈተገች፣ ቀባች። ጸጋው ቱቦውን እየገጠመ ያወራል። «ሰው አያውቅም እንጂ ባትሪ ሲሠራ የሚጎድለው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ነው ያለው። በአሲድ ላይ አሲድ ከጨመርሽበት እያደር ይሞቃል፣ ይፈላል፣ በክዳኑ መተንፈሻ መትፋት ይጀምራል። ዛሬ ደረቅ ነው ብለሽ ትተኚያለሽ፣ በሁለተኛው ሳምንት ስሩ ርሶ ታገኚዋለሽ።»

የፊርደውስ ብሩሽ ቆመ። «ትንሽ ቢሆንስ?»

«ትንሽም አሲድ ነው። ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ሚስባህ። ሁለት ቀዳዳ፣ ትንሽ ትንሽ። ባትሪውን ያየችው ከአሥር ቀን በፊት ነው። መኪናው የአባቷ መኪና ወንድም ነው፤ ያው ወንበር፣ ያው ባትሪ፣ ከስሩ ያው ቱቦ። ዛሬ ደግሞ በዓል ስለሆነ ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ደሴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል።

ፍርሃቱ እንደገና መጣ፣ ይኸኛው ደግሞ ከጠዋቱ ባሰ። ጠዋት ይቅርታውን ገና አላገኘችም ነበር፤ አሁን ግን ሰዉ ፊቱን ፈቶላታል፣ ያን መልሳ ልታጣው ነው። ሁለት እናቶች አልፈው አልፈው «በርቺ» ብለዋታል። የጸጋውን ትርፍ ባትሪ ተበድረው ሲገጥሙት አባቷ አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገራት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይስቁብሃል ብዬ። ሴት ልጅና ባትሪ እያሉ።»

«ይሳቁ! ስቀው ስቀው ይደክማቸዋል። ሐረጎ ላይ ግን…» አልጨረሰውም። ከኪሱ ንጹሕ ጨርቅ አወጣ። «እጅሽን ጥረጊ። ዱአውን ጨርሰን እንውጣ።»

ሽማግሌዎቹ መኪናውን እንደገና ከበቡ። ኑርሁሴን ፍሬኑን አሥር ጊዜ ረግጦ ሞክሮታል፤ ጸጋውም ከስር አይቶ አውራ ጣቱን አሳይቷል። መዳፎች ተዘረጉ።

«ካቆምንበት እንቀጥል» አሉ ሼህ ሀፊዝ፣ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ብለው። «ፍሬኑን ጠብቅልን ያ ረቢ!»

«አሚን!»

ሁሉም የእሷን አሚን እየጠበቁ በሳቅ አዩዋት። አሚን ማለት አሁን ይቀላታል። ስለ ሚስባህ መኪና የሚያውቅ ማንም የለም። ቢተፋም ባትሪው አርጅቶ ነው ይባላል። ሚስባህ እንደ አባቷ አይደለም፤ «እጇ በረካ አለው» ያለበት ሁሉ ዞሮ ይህንንም ያወራዋል፣ ነገ መነኸሪያው በሙሉ ስሟን ያነሳዋል።

ፊርደውስ የዘረጋችውን እጇን አወረደች።

«ሼህዬ፣ አንዴ ይታገሱኝ» አለች። «አባዬ፣ ስልክህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ስጠኝ በአላህ።»

ሰጣት። ቁጥሩን ስታወጣ ጣቷ ሁለት ጊዜ ሳተ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ። ከበስተጀርባ መነኸሪያው ይንጫጫል፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይላል።

«ኑሬ! አልወረዳችሁም እንዴ?» አለ የሚስባህ የደስ ደስ ያለው ድምፅ። «እኔ አንድ ሰው ነው የቀረኝ፣ ልወጣ ነው!»

«አያ ሚስባህ፣ ፊርደውስ ነኝ» አለች። «እንዳይወጡ። ሰዎቹን ያውርዷቸው። ባትሪዎትን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የፍሬኑን ቱቦ በልቶት ይሆናል፤ እየመጣሁ ነው፣ ሁሉንም እነግርዎታለሁ።»

ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጓንቱን፣ ብሩሹንና የተረፈውን የአመድ ውሃ አነሳች።